በቺንኮቲግ ዳርቻ ሌሊት ዓሣ ማጥመድ፦ ፈቃዱ ለመንጠቆ እንጂ ለመኝታ አይደለም

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቺንኮቲግ ሄደን ሌሊቱን ሙሉ ከባሕሩ ዳር ዓሣ ልናጠምድ አስበናል። ከሥራ የምንወጣው አምሽተን ስለሆነ እዚያ የምንደርሰው በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለታችን የዲሲ የማጥመጃ ፈቃድ አለን። ድንኳን፣ ግሪልና ውሻዬን እይዛለሁ። አንደኛው ጓደኛችን መኪናው ፎር ዊል ስለሆነ አሸዋው ላይ እንነዳለን ይላል። ሌላኛው ደግሞ በሌሊት ማንም አይጠይቃችሁም ይላል። ይሄ ሁሉ ይቻላል?»

ማጥመዱ ይቻላል። ባቀዳችሁት መንገድ ግን አይቻልም። ዕቅዳችሁ ውስጥ ቢያንስ አምስት ስህተት አለ። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ገና በሩ ላይ ያስመልሷችኋል።

መጀመሪያ ቦታው ምን እንደሆነ እንግባባ፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው «ቺንኮቲግ ቢች» ሲል ልክ እንደ ኦሽን ሲቲ ወይም እንደ ቨርጂኒያ ቢች የመዝናኛ ዳርቻ አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። ቺንኮቲግ የምትባለው ከተማ የራሷ ደሴት ላይ ናት። እናንተ የምታጠምዱበት ዳርቻ ድልድዩን ተሻግሮ አሳቲግ በሚባለው ረጅም ደሴት ላይ ነው። የደሴቱ የቨርጂኒያ ክፍል በአሜሪካ አቆጣጠር ከ1943 ጀምሮ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። መጠለያው የተቋቋመው ለወፎች ነው፤ በተለይ ከሰሜን ወርደው እዚያ ለሚከርሙት ነጫጭ የበረዶ ዝይዎች።

መጠለያና ፓርክ አንድ አይደሉም። በሕዝብ ፓርክ ውስጥ እንደልብ መንቀሳቀስ የተለመደ ነው፤ የሚከለከለው ተለይቶ ይጻፋል። በዱር እንስሳት መጠለያ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለይቶ የተፈቀደ ካልሆነ በቀር ሁሉም ዝግ ነው። በ1997 የወጣው የፌዴራል መጠለያዎች ሕግ ቅድሚያውን ለእንስሳቱ ይሰጣል። ዓሣ ማጥመድ ከስድስቱ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው የሕዝብ አገልግሎቶች አንዱ ነው፤ እሱም ቢሆን ከመጠለያው ዓላማ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ድንኳን መትከልና ዳርቻው ላይ ማደር ከነዚያ ስድስት ውስጥ የሉም። ይህን አንድ ነገር ከያዙ የቀረው ደንብ ሁሉ ግልጽ ይሆንልዎታል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰዓቱን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከጓደኞችዎ ጋር በስልክ ስትነጋገሩም በዚሁ ተስማሙ። አንዱ «ስምንት ሰዓት» ሲል ሌላው በአበሻ ሰዓት እየሰማ ብዙ ጉዞ ተበላሽቷል። መጠለያው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ከጠዋቱ 5 እስከ ምሽቱ 10 ክፍት ነው። በኤፕሪልና በኦክቶበር ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 8። ከኖቬምበር እስከ ማርች ደግሞ ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 6። በኦክቶበር ከምሽቱ 9 ሰዓት ላይ ብትደርሱ መጠለያው ከተዘጋ አንድ ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው።

ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ እዚያ መቆየት የሚችለው የሌሊት ማጥመጃ ማለፊያ የያዘ ሰው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማለፊያውን ማን እንደሚሰጥ ነው። መጠለያውን የሚያስተዳድረው የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። የመዋኛውንና የማጥመጃውን ዳርቻ አገልግሎት የሚመራው ግን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። የሌሊት ማለፊያውን የሚሰጠው ይሄ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ከመግቢያው ብዙም ሳትርቁ የምታገኙት ትልቁ የጎብኚዎች ማዕከል ሳይሆን፣ መንገዱ ባሕሩ ጋ ሲያልቅ ያለው የቶምስ ኮቭ ማዕከል ነው መሄጃችሁ። ስም፣ አድራሻና ስልክ ይመዘገባል። ማዕከሉ የሥራ ሰዓት አለው፤ ማታ ክፍት አይደለም። ማለፊያውን ማግኘት የምትችሉት ገና ፀሐይ ሳለች ከደረሳችሁ ነው።

ይሄ የመጀመሪያው በር ላይ የሚያስመልሳችሁ ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነድቶ፣ በዚያው ሌሊት ማጥመድ አይሆንም። ወይ ፈረቃችሁን ቀይሩ፣ ወይ ሌላ ቀን ምረጡ። ማለፊያ ሳትይዙ «ገብተን እናያለን» ማለት ግን ከአማራጮቹ ውስጥ የለም። የመግቢያ ክፍያውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለብሔራዊ ፓርኮች የምትይዙት የዓመት ካርድ ለመኪናችሁ መግቢያ ያገለግላል። የሌሊቱን ማለፊያ ግን አይተካም።

ማለፊያው ከተገኘ በኋላ ቁልፉ ነገር ይህ ነው። የተፈቀደው ማጥመድ ነው፤ ማደር አልተፈቀደም። ዘንጉ ውሃ ውስጥ፣ ሰውየው ዘንጉ አጠገብ መሆን አለበት። ዘንግ አሸዋ ላይ ተክሎ መኪና ውስጥ የተኛ ሰው ሲያጠምድ አልተገኘም። ሁለቱ እያጠመዱ ሁለቱ ብርድ ልብስ ለብሰው ወሬ ቢይዙም ያው ነው፤ ሁለቱ ያለ ምክንያት በተዘጋ ቦታ ላይ ናቸው። ማጥመድ ሲበቃችሁ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ትወጣላችሁ። ድንኳኑን እቤት ይተዉት። በአሳቲግ የቨርጂኒያ ክፍል ካምፕ ማድረግ አይፈቀድም። ካምፕ የሚቻለው በሜሪላንዱ ክፍል ነው። እዚያ አድራችሁ ጠዋት ወደዚህ በመኪና እንመጣለን እንዳትሉ ደግሞ፣ ሁለቱን የደሴቱን ጫፎች የሚያገናኝ መንገድ የለም። ወደ ዋናው ምድር ወጥቶ፣ ዞሮ መግባት ነው።

ውሻው። ይሄ ሁለተኛው በር ላይ የሚያስመልሳችሁ ነገር ነው። በዚህ መጠለያ የቤት እንስሳ ክልክል ነው፤ በማሰሪያ ታስሮም ሆነ መኪና ውስጥ ተቀምጦም አይገባም። የተለየው አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነ አገልጋይ ውሻ ብቻ ነው። «ከመኪና አላወርደውም» የሚለው ክርክር አያዋጣም። በሜሪላንዱ ክፍል ውሻ የሚፈቀድባቸው ቦታዎች ስላሉ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ግሪሉን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ከዕቅዱ አውጡት። ያጠመዳችሁትን እዚያው ጠብሳችሁ ለመብላት ካሰባችሁ ሌላም ችግር አለ። የመጠለያው ደንብ የመጠን ወይም የቁጥር ገደብ ያለበትን ዓሣ ዝርያውና ሙሉ ርዝመቱ እንዳይታወቅ አድርጎ ማጽዳትም ሆነ መቁረጥ ይከለክላል። ጠባቂ ሲመጣ ዓሣውን ሙሉውን ለክቶ ማየት አለበት። ዓሣውን በረዶ ባለው ሳጥን ውስጥ ከነጭንቅላቱና ከነጅራቱ ይዛችሁ ውጡ፤ ጽዳቱ ሌላ ቦታ ይሁን። ለሌሊቱ የሚበላ ነገር ከቤት አብስላችሁ ያዙ። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ከያዛችሁ ሌሊቱ ይገፋል።

ፈቃዱን እንይ። የዲሲ የማጥመጃ ፈቃድ ለዲሲ ውሃ ነው። ፖቶማክ ላይ ስታጠምዱ ሠርቶላችኋል፤ አትላንቲክ ላይ አይሠራም። የቨርጂኒያ የንጹሕ ውሃ ፈቃድ ያለው ሰውም አይኩራራ፤ እሱ ለሐይቅና ለወንዝ ነው። ለባሕር ማጥመድ የቨርጂኒያ የጨው ውሃ ፈቃድ የሚባል ለብቻው አለ፤ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላ ሰው ሁሉ ያስፈልገዋል። ሕጉ ከፈቃድ ነፃ ያደረጋቸው ሰዎች ደግሞ በነፃ የአጥማጆች መዝገብ ላይ በየዓመቱ እንዲመዘገቡ ይጠበቃል። በቨርጂኒያ የባሕር ማጥመድን ደንብ የሚያወጣው የባሕር ሀብት ኮሚሽኑ ነው። እርስዎ የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆኑ በነዋሪ ዋጋ ነው የሚገዙት። ከጓደኞችዎ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ የሚኖር ካለ፣ ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የራሱን ሁኔታ ያረጋግጥ። «የአንዱ ፈቃድ ለሁላችን ይበቃል» የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ በነፍስ ወከፍ ነው።

ይሄ የሌሊቱን ማለፊያ አይተካም፤ ማለፊያውም ይሄን አይተካም። አንዱ የክልሉ ነው፣ ሌላው የፌዴራሉ ነው። ሁለቱንም ኪሳችሁ ውስጥ ታደርጋላችሁ።

ስለ ፎር ዊሉ። አሸዋ ላይ መንዳት የሚቻልበት ክልል አለ። ግን መኪናው ፎር ዊል መሆኑ ፈቃድ አይሆንም። የአሸዋ ላይ መንጃ ፈቃድ ለብቻው ይገዛል። መኪናው ውስጥም አካፋ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚገባ ጣውላ፣ መጎተቻ ገመድ ወይም ሰንሰለት፣ እና ዝቅተኛ የጎማ አየር የሚለካ መለኪያ መኖር አለበት። ይሄ ዝርዝር ለወግ የተጻፈ አይደለም። ለስላሳ አሸዋ ላይ ሙሉ አየር ያለው ጎማ ይቆፍራል እንጂ አይሄድም። ክሪኩ ያለ ጣውላ ራሱ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። በሌሊት፣ ባሕሩ እየሞላ፣ መኪና ተቀርቅሮ ያየ ሰው ይሄን ዝርዝር ሁለተኛ አይጠይቅም። እኔ ያየሁት አንዱ መኪና ጎማው ጨው ውሃ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አራት ሰው በእጁ ሲቆፍርለት ነበር። ለመጀመሪያ ጉዟችሁ መኪናውን ፓርኪንግ አቁማችሁ በእግር ሂዱ። ሌሊት መኪና የምታቆሙት የት እንደሆነም ማለፊያውን ስትወስዱ ጠይቁ፤ ዳርቻው በየማዕበሉ ስለሚሸረሸር ፓርኪንጉ ባለበት አይረጋም።

የደሴቱ ደቡባዊ ጫፍ፣ ሁክ የሚባለው፣ ከማርች 15 ጀምሮ እስከ ኦገስት መጨረሻ ወይም እስከ ሴፕቴምበር ለሰው ዝግ ነው። በኦክቶበር አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለባችሁ፤ ሰው የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ያላወቀ ደንብ ይከብደዋልና።

ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል ወፍ አለች። ክብደቷ 60 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ በአንድ እጅ መዳፍ ትያዛለች። ቀለሟ ደረቅ አሸዋ ይመስላል። ጎጆ አትሠራም። አሸዋውን በእግሯና በደረቷ ጫር ጫር አድርጋ አራት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹም አሸዋ ይመስላሉ። አራት ሳምንት ገደማ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ራሳቸውን ችለው ይሮጣሉ፤ መብረር የሚችሉት ግን ሌላ አራት ሳምንት ገደማ ቆይተው ነው። በዚህ መሀል ምግባቸውን የሚለቅሙት ባሕሩ የተፋው የባሕር ሣር የተከመረበት መስመር ላይ ነው፤ ልክ እናንተ የምትቆሙበት ቦታ ማለት ነው። መኪና ያለፈበት የጎማ ቦይ ውስጥ የወደቀ ጫጩት ለመውጣት ይቸገራል። አደጋ ሲያይ ደግሞ መሮጥ ትቶ አሸዋው ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀራል። የሚቀጥለው መኪና አያየውም። በአትላንቲክ ዳርቻ ያለችው ይህች ወፍ ከ1986 ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ናት። ገመድ የተወጠረበትና ምልክት የተተከለበት ቦታ ስታዩ ውስጡ ባዶ አሸዋ ብቻ ይመስላችኋል። ባዶ የሚመስለው እንዲህ ስለሆነ ነው።

በኦክቶበር ፕሎቨሮቹ አብዛኞቹ ወደ ደቡብ ሄደዋል። ግን ዳርቻው ባዶ አይሆንም። ከሩቅ ሰሜን የሚመጡ ሌሎች ወፎች ረጅም በረራቸውን አቋርጠው አርፈው የሚመገቡበት ወቅት ነው። ሌሊት የተቀመጠ መንጋ በባትሪ ብርሃን ከተነሳ፣ ለቀጣዩ በረራ ያጠራቀመውን ስብ ነው የሚያቃጥለው። በሰመር ወራት አልፎ አልፎ ሎገርሄድ የሚባለው ትልቁ የባሕር ኤሊ እዚህ ዳርቻ ላይ እንቁላል ይጥላል። ጫጩቶቹ ከአሸዋው ወጥተው ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ሌሊት ነው፤ ብሩህ የሆነውን አቅጣጫ ተከትለው። አንድ ነጭ መብራት ወደ የብስ ይመልሳቸዋል። ስለዚህ ግንባራችሁ ላይ የምታስሩት ባትሪ ቀይ መብራት ያለው ይሁን። ነጩን መንጠቆ ስትነቅሉና አደጋ ሲመጣ ብቻ አብሩት። ቀይ ብርሃን ለእናንተም ይጠቅማል፤ ዓይናችሁ ጨለማውን እንደለመደ ይቆያል።

ድሮን ይዤ መንጠቆዬን ራቅ አድርጌ እጥላለሁ የሚል ጓደኛ ካለ፣ አይሆንም በሉት። በአየር ግፊት የሚተኩስ መወርወሪያም በመጠለያው ደንብ ክልክል ነው። መረብ ጎትቶ ማጥመድም እንዲሁ። የክራብ ማጥመጃ ወጥመድ ከጣላችሁ አጠገቡ መቆም አለባችሁ፤ ጥሎ መሄድ አይቻልም።

ምን ታጠምዳላችሁ? በኦክቶበር ሌሊት ሦስት ነገር ልብ ያስመታል። የመጀመሪያው ሬድ ድረም ነው። በቨርጂኒያ ማስቀረት የሚቻለው ከ18 እስከ 26 ኢንች የሆነውን ብቻ ነው፤ ማለትም ከ46 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር። በቀን ለአንድ ሰው ሦስት። እዚህ ዳርቻ ላይ በዚህ ወቅት የሚመጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ አንድ ሜትር የሚያልፍ ይዛችሁ ይሆናል። እሱ ይመለሳል። ለምን ትልቁ? ትልቁ ነው የሚራባው፤ ብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ሁለተኛው ስትራይፕድ ባስ ነው፤ እዚያ አካባቢ ሮክፊሽ ይሉታል። ባሕሩ ላይ ከ28 እስከ 31 ኢንች መሀል ያለ፣ በቀን አንድ ብቻ። ከ28 ያነሰም ከ31 የበለጠም ወደ ውሃው። ይህ ክልል በ2023 የጠበበው የዓሣው ቁጥር ስላሽቆለቆለ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ሊቀየር ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት የኮሚሽኑን ገጽ እንደገና እዩ። የባስ መንጠቆም የራሱ ሕግ አለው፤ በምግብ የምታጠምዱ ከሆነ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረውን ሰርክል ሁክ ነው የምትጠቀሙት። እሱ ብዙውን ጊዜ ሆድ ውስጥ አይገባም፤ ከንፈር ጥግ ላይ ነው የሚይዘው። ሲመለስ ዓሣው ይተርፋል።

ሦስተኛው ሻርክ ነው። ሌሊት ከዳርቻ ማጥመድ ሲባል ሻርክ ሳይፈልጉት ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሳንድባር ሻርክ ነው፤ እሱን ማስቀረት ክልክል ነው። ሳንድ ታይገርና ደስኪ የሚባሉትም እንዲሁ። በጨለማ አንዱን ከሌላው መለየት ልምድ ላለው ሰውም ይከብዳል። ስለዚህ ቀላሉ ሕግ ይህ ነው፦ ምን እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ልቀቁት። ደረቅ አሸዋ ላይ ጎትታችሁ ፎቶ አትነሱ። ከውሃ ሲወጣ የገዛ ክብደቱ የውስጥ አካሉን ይጫነዋል። ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ፣ መንጠቆው በቀላሉ የማይወጣ ከሆነ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። በሌሊት እጃችሁን ከሻርክ አፍ ጋር ማቀራረብ ለማንም ዓሣ አያስፈልግም።

አሁን «ማንም አይጠይቃችሁም» ወደሚለው ጓደኛ ልምጣ። ይሄን ምክር የሚሰጥ ሰው አይቅረባችሁ። ቦታው የፌዴራል መሬት ነው። በሌሊት የሚዞሩ የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች አሉ። ማለፊያ የሌለው መኪና ደግሞ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ከሩቅ ይታያል። የሚሰጣችሁ ትኬት የከተማ የፓርኪንግ ትኬት ዓይነት አይደለም። በፌዴራል ፍርድ ቤት ሥርዓት የሚታይ ነው። ከፍላችሁ ትዘጉታላችሁ ወይም ቀርባችሁ ትከራከራላችሁ። መሳቢያ ውስጥ ጥላችሁ የረሳችሁት እንደሆነ የእስር ማዘዣ ሊወጣ ይችላል። ከእኛ መሀል ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ፣ ወይም የታክሲና የሊሞ ፈቃዱን በየጊዜው የሚያሳድስ ብዙ ሰው አለ። ለአንድ ሌሊት ዓሣ ብሎ ስሙን በፌዴራል መዝገብ ላይ የሚያስጽፍ ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ባሕሩ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ደንብ አይነግራችሁም። አብዛኞቻችን የምናውቀው ውሃ ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ነው። ሐይቅ ማታ ትተውት የሄዱበት ቦታ ላይ ጠዋት ይገኛል። ውቅያኖስ እንዲህ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት ወደ ጉድለት ስድስት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በአሳቲግ ከፍታው አንድ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል። ዳርቻው ጠፍጣፋ ስለሆነ ያ አንድ ሜትር በአግድም ሲታይ ብዙ እርምጃ ነው። ማታ ዕቃችሁን ያስቀመጣችሁበት ደረቅ አሸዋ እኩለ ሌሊት ላይ ከውሃ በታች ሊሆን ይችላል። የሙላትና የጉድለት ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ፤ ለማጥመዱም ጥሩው ጊዜ ከሙላቱ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት ሁለት ሰዓታት ናቸው።

እስከ ደረት የሚደርስ የውሃ ሱሪ የምትለብሱ ከሆነ ወገባችሁን በቀበቶ አጥብቁ። ቀበቶ የሌለው ሱሪ ሞገድ ሲመታው በውሃ ይሞላል፤ ያኔ መነሳት ከባድ ነው። ከጉልበት በላይ በሌሊት አትግቡ። ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ ቀን ቀን በዓይን ይለያል፤ ሌሊት አይለይም። ዋና የማይችል ሰው ከእናንተ መሀል ካለ እሱ ደረቁ ላይ ቆሞ ያጥምድ። በዚህ ማፈር የለም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ ከተተነበየ ደግሞ ጉዞውን ሰርዙት። ደሴቱ ዝቅ ያለ አሸዋ ነው፣ መውጫው መንገድ አንድ ነው።

ትንኙን አትርሱ። የቺንኮቲግ ትንኝ በስም የታወቀ ነው፤ ውርጭ እስኪመታው ድረስ አይለቅም። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ስትወጡም በዝግታ ንዱ፤ ሲካ የሚባሉት ትንንሽ አጋዘኖች ሌሊት መንገድ ላይ ይቆማሉ።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው፣ የማያወላዳ። ቅዳሜን ተዉት። ሁላችሁም እረፍት የምትሆኑበት አንድ የሥራ ቀን ምረጡ፤ ሙላቱ ከምሽቱ 9 እስከ 11 ሰዓት መሀል የሚሆንበት። ጠዋት ተነሱና ከሰዓት በኋላ ብዙ ሳይቆይ ቶምስ ኮቭ ድረሱ። የሌሊት ማለፊያችሁን ያዙ። ፀሐይ ሳለች ዳርቻውን በእግራችሁ ሂዱበት፤ የትኛው ቦታ ጎድጓዳ እንደሆነ፣ የትኛው ጠፍጣፋ እንደሆነ እዩ፤ ቦታችሁን ምረጡ። ከጀንበር መጥለቂያ ጀምራችሁ እስከ እኩለ ሌሊት አጥምዱ። ከዚያ ውጡና ቺንኮቲግ ከተማ ውስጥ አስቀድማችሁ በያዛችሁት ክፍል ወይም የግል ካምፕ ተኙ። ወጪው ለአራት ሲካፈል ያን ያህል አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አድሮ ጠዋት በመመለሻው መንገድ ላይ ያለውን ረጅም ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅን፣ እያንቀላፉ መሻገር ከሻርኩም ከሞገዱም ይበልጥ ያስፈራኛል። ሌሊቱን ሙሉ ማጥመድ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን አልመክረውም።

ውሻው ጎረቤት ጋ ይቆይ። ድንኳኑና ግሪሉ ጋራዥ ውስጥ። የጨው ውሃ ፈቃዱን ዛሬ ግዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ ቶምስ ኮቭ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማዕከሉ በዚያ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ እና በጎረቤቱ የናሳ ዋሎፕስ ጣቢያ የሮኬት ማስወንጨፍ ፕሮግራም እንዳለ። ሮኬት የሚነሳ ከሆነ የደሴቱ ደቡባዊ ክፍል ለደኅንነት ሲባል ይዘጋል፤ እዚያ ደርሶ ከመስማት ቤት ሆኖ መስማት ይሻላል።